ሽታ ለነፍሳት የሚናገረው

በደቡብ ጎንደር፣ በእስቴ፣ ከጉና ተራራ በስተደቡብ ምዕራብ በምትገኘው በመካነ ኢየሱስ ከተማ ዙሪያ ንብ የሚያንቡ ገበሬዎች አሉ። ንብ አናቢው አዲስ ቀፎ በሠራ ጊዜ ባዶውን ወስዶ ዛፍ ላይ አይሰቅለውም። በመጀመሪያ ውስጡን በእበትና በጭቃ ይለቀልቀዋል። ልቅላቂው ሲደርቅ በወይራ ወይም ሽታው ደስ በሚል በሌላ እንጨት ያጥነዋል። ከዚያም እንደ ጠጅ ሣር ያለ መዓዛማ ቅጠል ወስዶ የቀፎውን ውስጥና አፉን ያሸዋል። ለምን እንዲህ እንደሚያደርግ ቢጠየቅ፣ ንብ መልካም ሽታ ትወዳለች፣ ቀፎው ካልሸተታት አትገባም ብሎ ይመልሳል።

በዚያው መንደር፣ ምሽት ላይ ደግሞ ሌላ ነገር እናያለን። የቤቱ እመቤት ከምድጃው ፍም አውጥታ በማጨሻ ላይ ታደርግና የጥንጁት ቅጠል ትጨምርበታለች። ጢሱ ቤቱን ሲሞላው ቁንጫውና የወባ ትንኙ ይሸሻል ትላለች። እንግዲህ በአንድ መንደር፣ በአንድ ቀን ውስጥ፣ አንዱ ሰው በመዓዛ ነፍሳትን ሲጠራ ሌላው በመዓዛ ነፍሳትን ያባርራል ማለት ነው።

ተማሪዎች ሆይ፣ እነዚህን ሁለት ነገሮች ከልጅነታችሁ ጀምሮ ስላያችኋቸው ምናልባት አስደናቂ አይመስሏችሁም ይሆናል። ነገር ግን ቆም ብላችሁ ብታስቡ ብዙ ጥያቄ ይነሣል። ንብን የሚጠራና ትንኝን የሚያባርር ምን ዓይነት ኃይል ነው? ነፍሳት አፍንጫ ሳይኖራቸው እንዴት ያሸታሉ? አባቶችና እናቶች ሲሠሩበት የኖሩት ልማድስ በሳይንስ ሲመረመር ምን ያህሉ እውነት ሆኖ ይገኛል? ጥያቄው የዕውቀት ብቻ አይደለም፤ ዐይንን ከመታወር፣ ሕይወትንም ከወባ የማዳን ጥያቄ ነው። የዚህ ምንባብ ዓላማም ይህንኑ ማስረዳት ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ሽታ ማለት ምን እንደሆነ እንመልከት። የሚሸት ነገር ሁሉ በዐይን የማይታዩ እጅግ ጥቃቅን ቅንጣቶችን ወደ አየር ይለቃል። የተቆላ ቡና ሽታ ከጓዳ እስከ ደጅ የሚደርሰው የቡናው ቅንጣቶች በአየር ላይ ተጉዘው አፍንጫችን ውስጥ ስለሚገቡ ነው። ነፍሳት ግን እንደ እኛ ያለ አፍንጫ የላቸውም። በእርሱ ፈንታ በራሳቸው ላይ አንቴና የሚባሉ ሁለት ቀንድ መሳይ ዳሳሾች አሏቸው። አንቴናው በብዙ ጥቃቅን ፀጉሮች የተሸፈነ ነው፤ ፀጉሮቹም እጅግ የረቀቁ ቀዳዳዎች አሏቸው። የሽታው ቅንጣት በቀዳዳው ገብቶ ከውስጥ ያለውን ነርቭ ሲነካ መልእክቱ ወደ አንጎል ይተላለፋል።

የብዙ ነፍሳት ኑሮ በዚህ መልእክት ላይ የቆመ ነው። ዐይናቸው ከሩቅ አጥርቶ አያይምና፣ ምግባቸውን የሚያገኙት፣ ተባዕቱ ከእንስቲቱ ጋር የሚገናኘው፣ እንስቲቱም ዕንቁላሏን የምትጥልበትን ስፍራ የምትመርጠው በአብዛኛው በማሽተት ነው። ጠላት መምጣቱንም የሚያውቁት ብዙ ጊዜ እንዲሁ ነው። ስለዚህ ለሰው ልጅ ቃል የሆነው ለነፍሳት ሽታ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም።

ይህን በገዛ ዐይናችሁ ለማየት ከፈለጋችሁ ቀላል ሙከራ አድርጉ። ጉንዳኖች በአንድ መስመር ወደ ስኳር ፍርፋሪ ሲመላለሱ ባያችሁ ጊዜ፣ በመስመራቸው መካከል ጣታችሁን አንድ ጊዜ በኃይል አሽታችሁ አሳልፉ። ጉንዳኖቹ ከዚያች ስፍራ ሲደርሱ ይቆማሉ፤ ግራና ቀኝ ይላሉ፤ መንገድ እንደ ጠፋበት ሰው ይዋትታሉ። በምድሩ ላይ የሚታይ አንዳች የተለወጠ ነገር የለም። የተለወጠው ሽታው ነው። ቀድማ ምግብ ያገኘችው ጉንዳን ስትመለስ ከሆዷ ጫፍ ሽታ ያለው ፈሳሽ በምድር ላይ እያስነካች ትሄዳለች፤ ተከታዮቿ የሚሄዱት ያንን እያሸተቱ ነው። ጣታችሁ የጠረገው ይህንን የሽታ መንገድ ነው።

ይህ ዕውቀት በሌላው ዓለምም ብዙ ተመራማሪዎችን አድክሟል። ፋብር የሚባል ፈረንሳዊ የነፍሳት ሊቅ አንዲት ትልቅ የእሳት ራት በቤቱ ውስጥ በወንፊት ሽቦ ከድኖ አስቀመጠ። እንስት ነበረች። በዚያው ምሽት አርባ ያህል ተባዕት የእሳት ራቶች በጨለማ እየበረሩ ወደ ቤቱ ገቡ። ከየት እንደ መጡና ማን እንደ ጠራቸው ለማወቅ ፋብር ብዙ ዓመት ደከመ። መልሱ የተሟላው ግን ከእርሱ በኋላ ነው። አዶልፍ ቡተናንት የተባለው ጀርመናዊ የኬሚስትሪ ሊቅ ከረዳቶቹ ጋር ሆኖ 500,000 ከሚያህሉ የሐር ትል እንስት ራቶች ላይ ጥቂት ንጥረ ነገር አወጣ፤ ውጤቱንም እ.ኤ.አ. በ1959 አሳወቀ። ተባዕቱን ከሩቅ የሚጠራው ይህ ንጥረ ነገር ነበር። አንድ ፍጡር ለመሰሉ መልእክት ለማድረስ የሚለቀው እንዲህ ያለ ንጥረ ነገር ፌሮሞን ተብሎ የተጠራውም በዚያው ዓመት ነው።

አሁን ወደ መካነ ኢየሱሱ ንብ አናቢ እንመለስ። ሠራተኛዋ ንብ በሆዷ ጫፍ አጠገብ አንዲት ዕጢ አላት። ከመንጋዋ የተለዩ ንቦች ወደ ማደሪያቸው እንዲሰበሰቡ ስትፈልግ ሆዷን ወደ ላይ አቅንታ ዕጢዋን ትከፍትና ክንፏን እያርገበገበች ሽታውን ወደ አየር ትበትናለች። የሽታው ትርጉም «ኑ፣ ቤት እዚህ ነው» እንደ ማለት ነው። በዚህ ሽታ ውስጥ ከሚገኙት ንጥረ ነገሮች አንዱ ሲትራል ይባላል። የጠጅ ሣር ቅባት አብዛኛው ክፍል ደግሞ ይኸው ሲትራል ነው። እንግዲህ ገበሬው ቀፎውን በጠጅ ሣር ሲያሽ ሳያውቀው በንቦች ቋንቋ የጥሪ ወረቀት መጻፉ ነው። የንጥረ ነገሩን ስም አያውቅ ይሆናል፤ ሥራውን ግን ያውቃል።

ንብ የምትለቀው ሽታ ይህ ብቻ አይደለም። ስትናደፍ መንደፊያዋ ከሰው ሥጋ ላይ ይቀራል፤ ከመንደፊያውም የበሰለ ሙዝ የሚመስል ሽታ ይወጣል። ይህ የጦር ጥሪ ነው። ሌሎቹ ንቦች ሽታውን ተከትለው መጥተው በዚያው ስፍራ ደጋግመው ይናደፋሉ። ስለዚህ አንዲት ንብ ብትነድፋችሁ መንደፊያውን ፈጥናችሁ በጥፍር ጠርጋችሁ አውጡት፤ ንቧን ጨፍልቃችሁ አትግደሉ፤ ከቀፎውም ራቁ። ማር ቆራጩ ጢስ የሚይዝበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። ጢሱ የጦር ጥሪውን ሽታ ስለሚሸፍነው ንቦቹ ጥሪውን አይሰሙም። ከዚህም ሌላ እሳት የመጣ መስሏቸው ማራቸውን በሆዳቸው ለመያዝ ይጣደፋሉ፤ ሆዷ የሞላ ንብም ለመናደፍ አትቸኩልም።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ንብን የሚጠራው ያው የጠጅ ሣር ቅባት የወባ ትንኝን ያርቃል። ሽታው አንድ ሲሆን ትርጉሙ ግን እንደ ሰሚው ይለያያል። ስለዚህ አንድን ሽታ በራሱ «ጠሪ» ወይም «አባራሪ» ማለት አይቻልም፤ ለማን ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ለሰው የሚከረፋው የጥንብ ሽታ ለዝንብ የግብዣ ጥሪ ነው። እንዲያውም ዝንብን ለመሳብ ሲሉ ጥንብ ጥንብ የሚሸቱ አበቦች አሉ። ዝንቡ ሥጋ ያገኘ መስሎት በአበባው ላይ ያርፋል፤ ሳያውቀውም የአበባውን ዱቄት ወደ ሌላ አበባ ያደርሳል።

መጠንም ትርጉምን ይለውጣል። ጠላ ወይም ጠጅ ባለበት ቤት ጥቃቅን ትንኞች በብርጭቆው አፍ ላይ ሲያንዣብቡ ታያላችሁ። የሚስባቸው ከሚፈላ ነገር የሚወጣው የአልኮልና የኮምጣጤ ሽታ ነው፤ ለእነርሱ የበሰለ ፍሬ መገኘቱን ያመለክታልና። ይሁን እንጂ ያው የኮምጣጤ ሽታ ከልክ በላይ ሲበረታ ትንኞቹ ይሸሻሉ። በጥቂቱ ሲሆን ምግብ፣ ሲበዛ አደጋ ሆኖ ይሰማቸዋል።

እስከ አሁን የተናገርነው ስለ ንብና ስለ ጠላ ቤት ትንኝ ነው። አሁን ግን ከበድ ወዳለው ጉዳይ እንለፍ። በገጠር ስትሄዱ በሕፃናት ዐይን ዙሪያ ዝንብ ተሰብስቦ አይታችሁ ይሆናል። ብዙ ሰው ይህን እንደ ተራ ነገር ያየዋል። ነገር ግን ዝንቡ ያለ ምክንያት ከዚያ አልተቀመጠም። ያልታጠበ ፊት፣ ከዐይንና ከአፍንጫ የሚወርድ ፈሳሽ የራሱ ሽታ አለው፤ ለዝንቡም ርጥበትና ምግብ መኖሩን ይነግረዋል። ዝንቡ ከአንዱ ሕፃን ዐይን ተነሥቶ በሌላው ሕፃን ዐይን ላይ ሲያርፍ ትራኮማ የሚባለውን ደዌ የሚያመጣውን ባክቴሪያ ይዞ ይሄዳል። ደዌው በእጅና በጨርቅም ይተላለፋል። አንድ ሰው በልጅነቱ ደጋግሞ ሲያዝ የዐይኑ ቆብ ከውስጥ ይጠባሰሳል፤ ከዓመታት በኋላ ቆቡ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ የቆቡ ፀጉር ብሌኑን እየፋቀ በመጨረሻ ያሳውረዋል። የአማራ ክልል በዚህ ደዌ እጅግ ከተጠቁት የዓለም አካባቢዎች አንዱ ሆኖ ቆይቷል፤ ደቡብ ጎንደርም ብርቱ ጉዳት ከደረሰባቸው ዞኖች መካከል ነው። ሕፃናቱን ሲያጥቡና ሲያስታምሙ ደዌው የሚጋባባቸው እናቶች በርካታ ናቸውና፣ ከወንዶች ይልቅ ብርሃናቸውን የሚያጡት ሴቶች ይበዛሉ።

ይህ ዝንብ ዕንቁላሉን የሚጥለው የት ነው? ሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዐይነ ምድር ላይ ነው። የሚመራውም እንደ ልማዱ ሽታው ነው። የሚያስደንቀው ግን በጉድጓድ መጸዳጃ ቤት ውስጥ ባለው ላይ አለመራባቱ ነው። ስለዚህ አንድ ቤተሰብ መጸዳጃ ቤት ቆፍሮ ሲጠቀም ለዝንቡ የመራቢያ ስፍራ ይነሣዋል፤ ልጆቹን ጧት ማታ ፊታቸውን ሲያጥብ ደግሞ የግብዣውን ሽታ ያጠፋል። ሐኪሞች ትራኮማን ለመከላከል ከመድኃኒትና ከቀዶ ሕክምና ጋር የፊት ንጽሕናንና የአካባቢ ጽዳትን አጣምረው የሚመክሩት ስለዚህ ነው። አንድ ጣሳ ውሃ ዝንብን የሚያባርር ኃይል አለው ማለት ይህ ነው።

ሁለተኛው ከባድ ጉዳይ ወባ ነው። መካነ ኢየሱስና አካባቢዋ ደጋና ወይና ደጋ ስለሆኑ ወባ እንደ ቆላው አይበረታባቸውም። ይሁንና ወደ ደቡብ ሲወረድ የዓባይ ቆላ አለ። ከደጋውም ብዙ ወጣቶች ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ወደ መተማና ወደ ሁመራ ሲወርዱ ኖረዋል። በደጋ ያደገ ሰው ሰውነቱ ወባን ስለማያውቅ ሲያዝ ይጠናበታል። ደጋውም ቢሆን ሁልጊዜ ደኅና አይደለም። በ1950 እና በ1951 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰዎችን እንዳሳመመ፣ 150,000 ያህሉንም እንደ ገደለ ተገምቷል።

ወባን የምታስተላልፈው እንስቷ ትንኝ ብቻ ናት። ተባዕቱ ከአበባና ከቅጠል ጣፋጭ ፈሳሽ ይመገባል፤ እንስቲቱ ግን ዕንቁላሏን ለማሳደግ ደም ያስፈልጋታል። በጨለማ ሰውን የምታገኘው እንዴት ነው? ከሩቅ የሚመራት በመጀመሪያ የምንተነፍሰው የተቃጠለ አየር፣ ማለትም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ስትቀርብ የሰውነታችን ጠረን ይመራታል፤ ከሁሉ ቀርባ ደግሞ ሙቀታችን ይሰማታል። የጠረናችን ምንጭ ላብ ብቻ እንዳልሆነ ማወቅ ይገባል። ትኩስ ላብ ብዙም አይስባትም፤ በቆዳችን ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ላቡን ሲያብላሉት የሚወጣው ሽታ ግን ይስባታል። ባክቴሪያውም ጠረኑም ከሰው ሰው ስለሚለያይ፣ በአንድ ቤት ከተኙት መካከል አንዱ ብዙ ሲነደፍ ሌላው ጥቂት ይነደፋል።

በኢትዮጵያ ወባን በዋናነት የምታስተላልፈው አኖፌለስ አረቢየንሲስ የምትባለው ትንኝ ናት። ይህች ትንኝ ከሰው ሌላ የከብትንም ደም ትወዳለች፤ ዶሮን ግን ትሸሻለች። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የስዊድን የእርሻ ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህን በምዕራብ ኢትዮጵያ መንደሮች መረመሩ። ውጤቱ የታተመው በ2008 ዓ.ም. ነው። በየቤቱ አንድ ሰው በአጎበር ውስጥ እንዲተኛ አደረጉ፤ ከአጠገቡም የትንኝ መያዣ ወጥመድ ሰቀሉ። በአንዳንዱ ቤት ከዶሮ ላባ ሽታ የተገኙ ንጥረ ነገሮችን አኖሩ፤ በሌላውም በቆጥ ፈንታ በወፍ ቤት ውስጥ ያለች ዶሮ ሰቀሉ። የዶሮ ሽታ ባለባቸው ቤቶች በወጥመዱ የገቡት ትንኞች ከሌሎቹ ቤቶች ያነሱ ሆነው ተገኙ። ትንኟ ዶሮን የምትሸሸው ዶሮ ራሷ ነፍሳትን ለቅማ ስለምትበላ ሳይሆን አይቀርም ተብሎ ይገመታል። ከዚህ የምንማረው ግን ዶሮን አልጋ ሥር ማሳደርን አይደለም፤ ከዶሮ ሽታ ውስጥ ሥራ የሚሠራውን ንጥረ ነገር ለይቶ ለጥበቃ ማዋል እንደሚቻል ነው።

ወደ እመቤቲቱ ጥንጁትም እንመለስ። በደቡብ ጎንደር በአዲስ ዘመን ከተማ ሕዝቡ ነፍሳትን ለማባረር በየትኞቹ ዕፀዋት እንደሚጠቀም የሚገልጽ ጥናት በ2001 ዓ.ም. ታትሟል። ከዚያም ቀደም ብሎ፣ በ2000 ዓ.ም.፣ ያው የተመራማሪዎች ቡድን አራት ዕፀዋትን በቤተ ሙከራ ፈትኖ ነበር፤ እነርሱም ወገርት፣ ቀበርቾ፣ ጥንጁትና ወይራ ናቸው። የእያንዳንዱ ጢስ አኖፌለስ አረቢየንሲስ ወዳለችበት ቤት መሳይ ሣጥን ሲገባ ትንኞቹ ሸሹ። ወገርት፣ ቀበርቾና ጥንጁት ከመቶ ትንኞች ከ90 የማያንሱትን፣ ወይራም ወደ 80 የሚጠጉትን አራቁ። እንግዲህ የእናቶቻችን ልማድ በፈተና ቆሞ ተገኝቷል።

ነገር ግን ከእውነቱ ላይ ሌላ እውነት እንጨምር። በመጀመሪያ፣ ማባረር መግደል አይደለም። ጢሱ ሲጠፋ ትንኟ ትመለሳለች፤ ሌሊቱ ደግሞ ረጅም ነው። ሁለተኛ፣ በትንሽ ሣጥን ውስጥ የተገኘ ውጤት ቀዳዳው በበዛ ሰፊ ቤት ውስጥ እንዳለ አይገኝም። ሦስተኛ፣ በተዘጋ ቤት ውስጥ የሚጨስ ጢስ ትንኝን ብቻ አያስጨንቅም፤ የሕፃናትን ሳንባና ዐይን ይጎዳል። አራተኛ፣ በቆዳ ላይ የሚቀባ የዕፅ ቅባት ፈጥኖ ስለሚተን ብዙ አይቆይም። በአሜሪካ ጦር ሠራዊት ዘንድ እ.ኤ.አ. በ1946 የተገኘውና ዲት የተባለው ንጥረ ነገር የተመረጠው ከእነዚህ ይልቅ ብዙ ሰዓት ስለሚቆይ ነው። ነጭ ሽንኩርት መብላት ትንኝን ያባርራል የሚባለው ደግሞ ሲፈተን እውነት ሆኖ አልተገኘም። ስለዚህ ወደ ቆላ የሚወርድ ሰው ተስፋውን በጢስ ላይ ብቻ አይጣል። ጢሱ ለምሽቱ ይረዳዋል፤ ለሌሊቱ ግን አጎበር፣ ትኩሳት ሲሰማውም ሳይዘገዩ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልገዋል።

በጎተራም ቢሆን ይኸው ሕግ ይሠራል። ነቀዝ እህል ባገኘ ጊዜ ሽታ ለቅቆ ሌሎቹን ነቀዞች ይጠራል። ገበሬው ደግሞ ሽታው የሚበረታ ቅጠል ከእህሉ ጋር እየቀላቀለ ሊያርቀው ይሞክራል። በአንዳንድ ስፍራ ጤፍን ከማሽላ ወይም ከበቆሎ ጋር የሚቀላቅሉም አሉ። ይህ ግን የሽታ ጥበብ አይደለም። ጤፍ እጅግ ደቃቅ ስለሆነ ነቀዝ አያድግበትም፤ በትልልቁ እህል መካከል ያለውን ክፍተት ሲሞላው ደግሞ ነቀዙ መተላለፊያ ያጣል። ሁሉን ነገር ለሽታ መስጠት እንደማይገባ ይህ ምሳሌ ያስተምረናል።

ታዲያ እውነተኛውን ከሐሰተኛው እንዴት እንለያለን? መንገዱ ቀላል ነው። ለምሳሌ «ይህ ቅጠል ዝንብ ያባርራል» ቢባል፣ ሁለት እኩል ሣህኖች ወስዳችሁ በሁለቱም ላይ እኩል የበሰለ ፍሬ አድርጉ። በአንደኛው ዙሪያ ቅጠሉን አኑሩ፤ በሁለተኛው ዙሪያ ምንም አታኑሩ። ከዚያም በእኩል ጊዜ ውስጥ በየሣህኑ ያረፉትን ዝንቦች ቁጠሩ። የሣህኖቹን ቦታ አለዋውጣችሁ ደግማችሁ ደጋግማችሁ ቁጠሩ። ቅጠል የሌለበት ሁለተኛው ሣህን ዳኛ ነው። ያለ እርሱ ዝንቡ የቀረው በቅጠሉ ምክንያት ይሁን ወይም በንፋሱ ምክንያት ማወቅ አይቻልም። ከላይ የተጠቀሱት ተመራማሪዎች ከዶሮዋ ቤት ጎን ዶሮ የሌለበትን ቤት ያቆሙት ስለዚሁ ነው።

እንግዲህ፣ ተማሪዎች ሆይ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ንብ አናቢው ቀፎውን ሲያሽ፣ እናታችሁ ጥንጁት ስታጨስ፣ ወይም ዝንብ በታናሽ ወንድማችሁ ዐይን ላይ ሲያርፍ ስታዩ፣ በአየሩ ላይ ንግግር እየተካሄደ መሆኑን አስታውሱ። እኛ ሳንናገር ፊታችንና ጓሯችን ስለ እኛ ይናገራሉ። የሚናገሩትን መለወጥ ግን በእጃችን ነው። ለንብ «ግቢ» የሚል ቃል በቀፎ ላይ እንደምናኖር ሁሉ፣ ለዝንብም «እዚህ ምንም የለህም» የሚለውን ቃል በውሃ ልንጽፍለት እንችላለን።

መልመጃ

ሀ. የቃላት ጥናት

የሚከተሉትን ቃላት በምንባቡ ውስጥ ከገቡበት ዓረፍተ ነገር ተነሥታችሁ ፍቺያቸውን ጻፉ፤ ከዚያም በየራሳችሁ ዓረፍተ ነገር አግቡአቸው።
1. ያጥነዋል 2. ይዋትታሉ 3. ያንዣብባሉ 4. ይጠባሰሳል 5. ያብላላል 6. ይተናል

ለ. ጥያቄዎች

1. ንብ አናቢው በጠጅ ሣር የሚጠቀምበት ምክንያት በሳይንስ እንዴት ይገለጻል?
2. «ሽታው አንድ ሲሆን ትርጉሙ ግን እንደ ሰሚው ይለያያል» የሚለውን ከምንባቡ በሁለት ምሳሌ አስረዱ።
3. መጸዳጃ ቤት መቆፈርና ፊትን መታጠብ ትራኮማን የሚከላከሉበት መንገድ ይለያያል። ልዩነቱን ግለጹ።
4. ጸሐፊው የጥንጁት ጢስ በፈተና ቆሞ ተገኝቷል ካለ በኋላ በእርሱ ላይ ብቻ መተማመን የማይገባው ለምንድን ነው ይላል? አራቱን ምክንያቶች በራሳችሁ አነጋገር ጻፉ።
5. ጤፍን ከማሽላ ጋር የመቀላቀል ምሳሌ በምንባቡ ውስጥ ለምን የገባ ይመስላችኋል?

ሐ. ሰዋስው

1. «በሽታ» የሚለው ቃል አንድ ጊዜ «ደዌ» ማለት ነው፤ ሌላ ጊዜ «በ» ከሚለው መስተዋድድና «ሽታ» ከሚለው ስም የተጣመረ ነው። በምንባቡ ውስጥ ጸሐፊው «በሽታ» በማለት ፈንታ «በመዓዛ»፣ «በማሽተት» እያለ የጻፈበትን ምክንያት ተናገሩ። ሁለቱን ትርጉሞች ለይተው የሚያሳዩ ሁለት ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ሥሩ።
2. «ሸሸ» እና «አሸሸ»፣ «ራቀ» እና «አራቀ» የሚሉትን ግሦች አስተያዩ። «አ» የሚለው ቅጥያ በግሡ ትርጉም ላይ ያመጣውን ለውጥ አስረዱ፤ ከምንባቡም ሦስት ተመሳሳይ ግሦች ፈልጋችሁ አውጡ።
3. «ይሁንና»፣ «ስለዚህ»፣ «እንግዲህ»፣ «ነገር ግን» የሚሉት ቃላት በምንባቡ ውስጥ ሐሳብን ከሐሳብ የሚያያይዙት እንዴት ነው? እያንዳንዱን በአንድ ዓረፍተ ነገር አሳዩ።

መ. ድርሰት

በአካባቢያችሁ ሰዎች ነፍሳትን ለመጥራት ወይም ለማባረር የሚጠቀሙበትን አንድ ልማድ ከታላላቆቻችሁ ጠይቃችሁ ተረዱ። ልማዱን በመጀመሪያው አንቀጽ ግለጹ፤ በሁለተኛው እንዴት እንደሚፈተን አስረዱ፤ በሦስተኛው ውጤቱን አይታችሁ የደረሳችሁበትን ፍርድ ጻፉ። ድርሰታችሁ ከአንድ ገጽ ተኩል አይብለጥ።